ገመዱን የያዘው ማነው?

ደብረ ዳሞን የወጣ ወንድ ሁለት ገመድ ያውቃል (ለሴት አይፈቀድም፤ እሱ ለብቻው ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል)። አንደኛው ገደሉ ላይ ተንጠልጥሎ የሚጠብቀው የጠፍር ገመድ ነው። እሱን ጨብጦ፣ በእግሩ ድንጋዩን እየረገጠ 15 ሜትር ያህል ይወጣል። ሁለተኛው ወገቡ ላይ የሚታሰረው ነው። የዚህኛው ሌላኛው ጫፍ እላይ ባለ መነኩሴ እጅ ውስጥ ነው። ሰውየው አንድ ክንድ በወጣ ቁጥር መነኩሴው አንድ ክንድ ይስባል። እግሩን ቢያዳልጠው የሚያተርፈው እሱ የጨበጠው ገመድ አይደለም፤ መነኩሴው የያዘው ነው።

በዓለት መውጣት ስፖርት የመነኩሴው ሥራ “ቢሌይ” ይባላል። በአማርኛ ስም ስላልወጣለት እኔ “ገመድ ያዥ” እያልኩ እቀጥላለሁ። ስለ ተራራ ሲወራ ሁሌም ስሙ የሚነሳው የወጣው ሰው ነው። እስቲ ዛሬ እንኳ ስለያዘው እናውራ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ድር ቢያብር...

ጁላይ 14 ቀን 1865። ሰባት ሰዎች በስዊዘርላንድና በጣሊያን ድንበር ላይ የቆመውን ማተርሆርንን ለመጀመሪያ ጊዜ ረገጡ። ከፍታው 4,478 ሜትር ነው። ዋናው ሰው እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ዊምፐር ነበር። ሲወርዱ ሰባቱም በአንድ መስመር ተያይዘው ታስረዋል። የ19 ዓመቱ ዳግላስ ሃዶው አዳለጠውና ከፊቱ የነበረውን መንገድ መሪ ሚሼል ክሮን ገጨው። የሁለቱ ክብደት ቻርልስ ሃድሰንን ነቀለው፤ ቀጥሎ ደግሞ ሎርድ ፍራንሲስ ዳግላስን። ከዚያ ገመዱ ተበጠሰ። አራቱ 1,200 ሜትር ያህል ቁልቁል ወደቁ። ከመበጠሻው በላይ የነበሩት ሦስቱ፣ ማለትም ዊምፐርና መንገድ መሪዎቹ ታውግቫልደር አባትና ልጅ፣ ተረፉ።

ከዚያ በኋላ አገር ያወራው “አባትየው ገመዱን ቆርጦት ይሆን?” እያለ ነበር። ምርመራ ተደርጎ ሰውየው ነጻ ተባለ። የተበጠሰው ገመድ ይዘዋቸው ከነበሩት ሦስት ዓይነቶች በጣም ደካማው ነበር፤ ቁራጩ ዛሬም ዘርማት ከተማ ሙዚየም ውስጥ ይታያል።

ግን ገመዱ ጠንካራ ቢሆን ኖሮስ? ምናልባት ሰባቱም አብረው ይሄዱ ነበር። “ድር ቢያብር አንበሳ ያስር” እንላለን። እውነት ነው፤ ድሩ አንድ የማይነቃነቅ ነገር ላይ ከታሰረ። እነዚያ ሰዎች እርስ በርሳቸው ታስረው ነበር እንጂ ከተራራው ጋር አልታሰሩም። የገመድ ያዥ ታሪክ በሙሉ ይህንን ልዩነት የመረዳት ታሪክ ነው ማለት ይቻላል።

“መሪ አይውደቅ”

ከማተርሆርን በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ወጪዎቹ የሚመሩበት አንድ ሕግ ነበራቸው፦ ከፊት የሚወጣው ሰው መውደቅ የለበትም። አለቀ!

ምክንያት ነበራቸው። ከኋላ ለሚከተለው ሰው ነገሩ ደብረ ዳሞ ነው፤ ገመዱ ከላይ ይይዘዋል። ከፊት የሚወጣው ግን ገመዱን የሚጎትተው ከበታቹ ነው። ሁለት ሜትር ከፍ ብሎ ቢወድቅ ገመዱ የሚይዘው አራት ሜትር ከወደቀ በኋላ ነው። ገመድ ያዡ ደግሞ ገመዱን ትከሻው ወይም ወገቡ ላይ ከመጠምጠም ሌላ መሣሪያ አልነበረውም። ገመዱም ቃጫ ነው። ማኒላ የሚባለው ዝነኛ ገመድ የሚሠራው የሙዝና የእንሰታችን ዘመድ ከሆነ ተክል ነበር። ቃጫ ብዙ አይለጠጥም፤ ድንገት ሲጎተት ወይ ይበጠሳል፣ ወይ የታሰረውን ሰው ይሰብረዋል። በ1910 አካባቢ የሙኒኩ ኦቶ ሄርዞግ ካራቢነርን (ያቺን ከፈት ዘጋ የምትል የብረት ቀለበት) ወደ ተራራ አምጥቶ ገመድን ዓለት ላይ ከተመታ ብረት ጋር ማያያዝ ቀለለ። ሕጉ ግን ያው ነበር። ለታክሲ ሾፌር ፍሬን የሌለው መኪና ሰጥቶ “እንዳትጋጭ” እንደማለት ነው።

ሆን ብለው የወደቁት ልጆች

በ1930ዎቹ መጀመሪያ ካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ከተማ ውስጥ ያሉ ወጣቶች ግን “ከወደቅንስ?” ብለው ጠየቁ። በሙያው ጠበቃ የሆነው ሪቻርድ ሊዮናርድና ጓደኞቹ ክራግሞንት ከሚባል የሰፈር ቋጥኝ ላይ ሆን ብለው መዝለል ጀመሩ። አንዱ ይዘላል፣ አንዱ ገመዱን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ ይይዛል። በየተራ፣ ደጋግመው።

ያገኙት ነገር ቀላል ይመስላል፤ ገመዱን ድርቅ አድርገህ አትያዝ። ትንሽ ይንሸራተት፣ ቀስ ብሎ ይቁም። ጎበዝ በረኛ ጠንካራ ምት ሲይዝ እጁን ወደ ደረቱ እንደሚሰበስበው ማለት ነው። በ2ኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሚለጠጠው የናይለን ገመድ መጣ፤ እነሱ በእጃቸው የሚሠሩትን ከፊሉን ሥራ ገመዱ ራሱ ይሠራ ጀመር። ሊዮናርድ በ1946 ከአርኖልድ ዌክስለር ጋር ሆኖ ነገሩን በሒሳብ አስረድቶ አሳተመ። ከሒሳቡ የሚወጣው ውጤት ዛሬም ጀማሪ ሁሉ የሚማረው ነው፦ ወሳኙ የውድቀቱ ርዝመት ብቻውን ሳይሆን ውድቀቱ ለተዘረጋው ገመድ ሲካፈል ነው። 2 ሜትር ገመድ ላይ 4 ሜትር መውደቅ፣ 40 ሜትር ገመድ ላይ 10 ሜትር ከመውደቅ በጣም ይከፋል። የሚለጠጥ ገመድ የለማ!

የሾኒንግ ደቂቃ

ኦገስት 10 ቀን 1953፤ ኬ2 ተራራ፣ ከ7,000 ሜትር በላይ። አሜሪካውያን የሚበዙበት የስምንት ሰዎች ቡድን ጫፉን ትቶ አርት ጊልኪ የሚባለውን ጓደኛውን እያወረደ ነው። የጊልኪ እግር ውስጥ ደም ረግቷል፤ መራመድ አይችልም። በስሊፒንግ ባግና በድንኳን ጨርቅ ጠቅልለው በገመድ ያወርዱታል። ገመዱን የያዘው የ26 ዓመቱ ፒት ሾኒንግ ነው። የበረዶ ዶማውን ከአንድ ቋጥኝ ኋላ ሰክቶ፣ ገመዱን በዶማውና በወገቡ ዙሪያ አሳልፎታል።

ጆርጅ ቤል አዳለጠው። ቶኒ ስትሪዘርን ጎተተው። ገመዳቸው ከቻርልስ ሂውስተንና ከቦብ ቤትስ ገመድ ጋር ተጠላለፈና እነሱም ሄዱ፤ ዲ ሞሌናርም ተከተለ። አምስት ሰዎች ቁልቁል እየወረዱ ነው፤ ስድስተኛው ጊልኪ ገመዱ ላይ ነው። ማተርሆርን ሊደገም!

አልተደገመም። ሾኒንግ ያዛቸው። ገመዱ ናይለን ነበር፤ ተለጠጠ እንጂ አልተበጠሰም። ዶማው ከቋጥኙ ጋር ነበር፤ ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ብቻ ሳይሆን ከተራራው ጋር ታስረዋል ማለት ነው። ጊልኪ ግን አልተረፈም። ጓደኞቹ ቦታ አመቻችተው ሊወስዱት ሲመለሱ ቁልቁለቱ ላይ አልነበረም። የበረዶ ናዳ ወስዶት ይሁን እነሱን ለማትረፍ ራሱን ፈትቶ፣ የተረፉት ራሳቸው ሲከራከሩበት ኖረዋል። ዶማው ዛሬ ኮሎራዶ ውስጥ በሙዚየም ተቀምጧል። ኬ2ን ያን ዓመት ማንም አልረገጠውም፤ የጉዞው ትልቁ ታሪክ አንድ ሰው ቆሞ መያዙ ነው።

ክታቡ

ከዚያ ወዲህ የመሣሪያ ዘመን ነው። በ1970 አካባቢ የፍሪትዝ ሽቲሽት ባለ ቀዳዳ ብረት መጣ፤ ገመዱ በቀዳዳው ሲታጠፍ ብረቱ ፍሬን ይሆናል፤ ወገብ ከመላጥ ተረፈ። በ1991 ደግሞ የፈረንሳዩ ፔትዝል “ግሪግሪ”ን አወጣ። ገመዱ ድንገት ሲፈጥን እንደ መኪና ቀበቶ ይቆልፋል። ግሪግሪ በምዕራብ አፍሪካ የክታብ ስም ነው። ስሙ ጥሩ ቢሆንም አደገኛ ነው፤ ክታብ ያሰረ ሰው ይዘናጋልና። አምራቹ ራሱ “እጃችሁን ከገመዱ አትልቀቁ” እያለ ያስጠነቅቃል።

መሣሪያው የማያየው ነገር አለ። በ1989 ቡው በሚባል የፈረንሳይ ገደል ላይ ሊን ሂል፣ በዘመኗ አንደኛ ከሚባሉት ወጪዎች አንዷ፣ ገመዷን ማሰር ጀምራ ሳትጨርስ ወጣች። ላይ ደርሳ ለመውረድ ወደ ኋላ ስትደገፍ ገመዱ ሾልኮ ወጣ። ከ20 ሜትር በላይ ወደቀች፤ የዛፍ ቅርንጫፍ ተቀብሏት ነው የተረፈችው። ገመዱም፣ ቀለበቱም፣ ያዡም ጤነኛ ነበሩ። ያልተጨረሰው ቋጠሮው ብቻ ነበር። (በ1993 የዮሰሚቲውን ኤል ካፒታን፣ ኖዝ በሚባለው መስመር፣ በገመድ ሳትሳብ በእጅና በእግሯ ብቻ የወጣች የመጀመሪያዋ ሰው ሆነች። ገመዱ ለውድቀት ብቻ ነበር።)

ለዚህ ነው ዛሬ በየስፖርት ቤቱ የሚወጣውና የሚይዘው ከመሬት ሳይነሱ ፊት ለፊት ቆመው አንዱ የአንዱን ቋጠሮ፣ ቀበቶና ቀለበት በእጁ እየነካ የሚያየው። ጀማሪውም ሻምፒዮኑም ያደርገዋል። አሥር ሰከንድ ቢፈጅ ነው። ስፖርቱ በቶኪዮ፣ በ2021 ኦሎምፒክ ገብቷል፤ ለያዘው ሰው ግን ሜዳሊያ የለም።

እናንተስ? ስንቶቻችን ነን ላይ ላዩን እያየን ስንወጣ ገመዳችንን ማን እንደያዘ ዞር ብለን ያላየን? የያዘው ሰውስ እሱ ራሱ የሆነ ነገር ላይ ታስሯል?