ፈረስ ያደርሳል እንጂ ከዝንብ አይዋጋም

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ አበው። እኛ የሐዋሳን የጋሪ ፈረሶች እያየን በተረቱ ላይ አንድ ነገር እንጨምራለን፤ በተለይ ከዝንብ ጋር አይዋጋም! ያለው መሣሪያ ጭራው ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን ስንት ዘመን እየቆረጥን ለመኳንንቱና ለካህናቱ የዝንብ ማባረሪያ ስናደርገው ኖረናል።

ነገሩ የቆየ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1769 ምጽዋ ደርሶ እስከ ጎንደር ዘልቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ስሟን እንዳለ «ዝንብ» ብሎ የጠራት ነፍሳት፣ ክረምት ሲገባ የቆላ አርቢዎችን ከነከብቶቻቸው ከጥቁር አፈር ነቅላ ወደ አሸዋማው ምድር እንደምታሰድድ ጽፏል። ሰው ከነከብቱ ለዝንብ አገር ይለቅ ነበር ማለት ነው።

መቶ ዓመት ሳይሞላ ሌላ ምስክር መጣ። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ዙላ ላይ ያረፈውን የጄኔራል ናፒየርን ጦር ፈረሶችና በቅሎዎች የፈጃቸው የመቅደላ መድፍ ሳይሆን ጥማትና በሽታ ነበር። የተገኘው መላም ፈረሶቹን ወደ ሰንዓፌ ደጋ ማውጣት ሆነ። በሽታው ዛሬ «የአፍሪካ የፈረስ በሽታ» የምንለው እንደነበር ይታመናል። አስተላላፊው በዓይን ለማየት የምታስቸግር ደም መጣጭ ትንኝ መሆኗን ደቡብ አፍሪካዊው ዱ ቶይት ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1944 ነው።

እንግዲህ ፈረስ የደጋ ልጅ ነው የምንለው በከንቱ አይደለም። ብርዱ ሙቀቱንም ትንኙንም ይቀንስለታል። ሐዋሳ ግን ደጋ አይደለችም። በ1952 ዓ.ም. ገደማ በሐይቁ ዳር የተቆረቆረችው ከተማችን ያለችው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። ሙቀትና ረግረግ ደግሞ ለትንኝ ሠርግና ምላሽ ነው። ፈረሱን እዚህ አምጥቶ ጋሪ ላይ ያሰረው ሰው ነው። ስለዚህ ደጋው በነጻ የሚሰጠውን ሰው መክፈል አለበት።

ክፍያው ብዙ አይደለም። ፈረስ እንደ ሰው በላብ ነው የሚቀዘቅዘው፤ በቀን ከ20 እስከ 40 ሊትር ውኃ ይጠጣል፤ በሙቀት ሲሠራ ከዚያም በላይ ይፈልጋል፤ በላቡ የወጣውን ጨውም መተካት አለበት። ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ጥላ ሥር ይቁም። ትንኟ በብዛት የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ስለሆነ ሌሊቱን ቤት ውስጥ ይደር፤ የኩበት ጭስም ይረዳዋል። ዝንብ የሚራባው ፋንድያ ላይ ነውና በረቱ ይጠረግ። ዕቃው የላጠው ቁስል ታጥቦ ይሸፈን፤ እግርና ደረት ላይ እያበጠ የሚፈነዳውን የፈንገስ በሽታ ዝንብ ከቁስል ወደ ቁስል ሊያደርሰው ይችላልና። ለአፍሪካ የፈረስ በሽታ ደግሞ ክትባቱ ከሩቅ አይመጣም፤ ቢሾፍቱ ውስጥ ይመረታል።

ባለጋሪውን ለመውቀስ አይደለም የምንጽፈው። ልጆቹን የሚያበላው በዚያው ፈረስ ነው፤ ፈረሱ ሲታመም የእሱም እንጀራ ይታመማል። ባጃጅ ገበያውን ከወሰደበት ወዲህ ደግሞ ለሐኪም የሚተርፈው ሳንቲም አንሷል። በየከተማው መንገድ ላይ ተለቀው፣ ቁስላቸው ዝንብ ወርሮት የምናያቸው ፈረሶች መነሻቸው ይኸው ነው። ጋሪ ተራ ላይ አንድ ዛፍ መትከልና አንድ የውኃ ገንዳ ማቆም ግን ከባለጋሪው አቅም በላይ ቢሆን፣ ከከተማችን አቅም በላይ አይደለም።

ስንት ዘመን ያደረሰንን ፈረስ እኛም እስከ ጥላው እናድርሰው። ቸር እንሰንብት!