ባቡሩ ሰፈር ድረስ አይመጣም

የባለቤቴ እናት የሚኖሩት ድሬዳዋ ነው። ትንሹ ልጃችን ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ እስካሁን ያዩት በስልክ ብቻ ነው። ጉልበታቸው መንገድ አይችልምና ወደኛ አይመጡም። በየእሑዱ ግን ይደውሉና «አቦ፣ ልጆቹን አምጡልኝ እንጂ!» ይላሉ። እኛ ደግሞ መኪና የለንም። ትልቋ፣ አምስት ዓመቷ ነው፣ አውቶብስ ላይ ናዝሬት ሳንደርስ ማስመለስ ትጀምራለች። አንዴ ሞክረን መተሐራ ላይ ፌስታል አልቆብን ያውቃል። ስለዚህ ለገና በባቡር እንሂድ ብለን ተስማማን።

ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው። አንድ ነገር ከመጀመሬ በፊት የት የት ሊበላሽ እንደሚችል ካልዘረዘርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። የሁለት ሕፃናት የባቡር ጉዞም እንደዚያው ተዘረዘረ፦ ትኬት፣ ምግብ፣ ሽንት ቤት፣ ቅያሪ ልብስ፣ ቆላው ሙቀት። ሁሉም መላ ተገኘለት። መላ ያጣው አንድ ብቻ ነው። ባቡሩ ጠዋት የሚነሳው ከለቡ ነው፤ እኛ የምንኖረው ሥላሴ ጀርባ ነው። በሌሊት፣ ከአንድ የተኛ ልጅና ከአንድ የምታለቅስ ልጅ ጋር፣ ከሁለት ሻንጣ ጋር፣ ከተማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማቋረጥ።

የሚያናድደው ደግሞ ምን መሰላችሁ? ባቡር ሰፈራችን አጠገብ አለ። የከተማው ቀላል ባቡር ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ከምኒልክ አደባባይ ይነሳል። በመርካቶ ዞሮ፣ በልደታ አድርጎ፣ ለገሃር ያደርሰናል። ለገሃር ማለት በፈረንሳይኛ «ባቡር ጣቢያው» ማለት ነው። ባቡር ጣቢያው ጋ በባቡር መድረስ እንችላለን፤ እዚያ ግን ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ ባቡር የለም። ሐዲዱ ማን ነገረህ ካላላችሁኝ፣ ይሄ ነገር እንዴት እንዲህ ሆነ ብዬ ታሪኩን ማንበብ የጀመርኩት በዚህ ብስጭት ነው።

አጼ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ወረቀቱ ላይ ሐዲዱ ሦስት ክፍል ነበረው፦ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ። የመጀመሪያው ክፍል መድረሻ ሐረር ተብሎ በስሙ ተጽፏል። ሥራው ሲጀመር ግን ተራራው መጣ። ሐረር ከሥሯ ካለው ሜዳ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ ያን ለመውጣት ጊዜም ገንዘብም ይፈልጋል። ኩባንያው ተራራውን ተወው። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ሜዳው ላይ ቆመና እዚያው ከተማ ተቆረቆረ። መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለ፤ የጸናው ስም ግን ድሬዳዋ ነው። ከዚያ በኋላ ሐረር ያለ ቤተሰብ ባቡር መሳፈር ከፈለገ ልጁን በቅሎ ላይ አስቀምጦ ተራራውን ይወርዳል።

እዚህ ላይ ንባቤን አቁሜ ሳቅሁ። አማቴ የሚኖሩባት ከተማ ራሷ የተወለደችው ባቡሩ መድረሻው ሳይደርስ በመቆሙ ነው።

ቀጣዩ ክፍል ብዙ ዓመት ፈጀ። የመጀመሪያው ኩባንያ ከሰረ፣ በሌላ ተተካ፤ ምኒልክም በ1906 ዓ.ም. አረፉ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ፈቃዱን የሰጡት ንጉሥ መዲናቸው ሲገባ አላዩትም። ሲገባስ የት ቆመ? ያኔ የከተማው ልብ አራዳ ነው፤ ገበያው በጊዮርጊስ ዙሪያ፣ ቤተ መንግሥቱ ከኛ ሰፈር አጠገብ ኮረብታው ላይ። ጣቢያው ግን ከዚህ ሁሉ ታች፣ ሜዳው ላይ ሆነ። ዛሬ የምናየው የድንጋይ ሕንፃ የተመረቀው በኅዳር 1922 ዓ.ም. ነው። ዛሬ መሀል ከተማ የምንለው ለገሃር በጊዜው ለአራዳ ሰው ቁልቁል የሚወረድበት ዳርቻ ነበር። የያኔው ለቡ ማለት ነው።

ጉዞው ራሱ ደግሞ አስገረመኝ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ የሚሄደው በቀን ብቻ ነበር። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር ነው፤ ይህንን በሦስት ቀን ይጨርሳል። አንድ ሌሊት አዋሽ፣ አንድ ሌሊት ድሬዳዋ ይታደራል። አዋሽ ጣቢያ ላይ የተሠራው ሆቴል የመጣው ከዚህ ነው። ዘመዶቻችን ሲያወሩት እንደ ችግር ነው የሚያወሩት። እኔ ግን ሁለት ልጅ ይዤ ሳስበው አልጠላሁትም። ሲመሽ ወርዶ መሬት ላይ መሮጥ፣ ታጥቦ መተኛት፣ ጠዋት እንደገና መሳፈር። ልጅ የሌለው ሰው ነው ፍጥነት ፍጥነት የሚለው።

በዚህ ሐዲድ ላይ ከተጓዙት ቤተሰቦች ሁሉ በታሪክ የሚታወቀው ግን ለሽርሽር አልወጣም። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ የንጉሠ ነገሥቱ ቤተሰብ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄደ፤ ከዚያም በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፈረ። ከንጉሠ ነገሥቱ ልጆች ሁሉ ታናሽ የነበረው ልዑል ሣህለ ሥላሴ አምስት ዓመት ገደማ ነበር። የሥላሴ ካቴድራል ሥራው ተጀምሮ ገና አላለቀም። አጼ ኃይለ ሥላሴና እቴጌ መነን ዛሬ ያረፉት እዚያው፣ እኛ ቤት አጠገብ ነው። አንድ ቅዳሜ ትልቋን ወስጄ መቃብሮቹን አሳየኋትና ይሄንን ታሪክ ነገርኳት፦ አንቺን የሚያክል ልጅ በሌሊት ከቤቱ ተነስቶ በባቡር መሄዱን። ዝም ብላ ሰማችኝና «ሽንቱ ሲመጣስ?» አለች። የታሪክ መጻሕፍቱ ይሄን አልጻፉም።

እቅዱን ለእናቴ ስነግራት ፊቷ ተለዋወጠ። «ልጆቹን? በባቡር? በአዋሽ?» አለች። እኔ ያኔ አልተወለድኩም፤ እሷ ግን በደንብ ታስታውሳለች። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ አንድ የመንገደኞች ባቡር፣ ድልድዩ ጥምዝ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገብቶ ከሐዲዱ ወጣና ገደል ገባ። ከ400 በላይ ሰው አለቀ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ የከፋው ሆኖ ይጠቀሳል። «ሬዲዮ ላይ ሰማነው። እዚህ ሰፈር የለቅሶ ድንኳን ተተክሎ ነበር» አለችኝ። አሁን ያለው ሐዲድ ሌላ ነው፣ ድልድዩም ሌላ ነው ብዬ ላስረዳት ሞከርኩ፤ ስለ ሐዲድ ስፋት ሁሉ አወራሁላት። እናት ስለ ሐዲድ ስፋት ምን ገዷት።

ስፋቱ ግን ለኔ ጥያቄ መልሱ እሱ ነው። አሮጌው ሐዲድ በሁለቱ ብረቶች መሀል አንድ ሜትር ነበር፤ አዲሱ 1435 ሚሊ ሜትር ነው፣ በኤሌክትሪክ ይሠራል። መስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ፣ ታኅሣሥ 2010 መደበኛ ሥራ ጀመረ። በአሮጌው መስመር ላይ የሚሄድ ነገር አይደለም፤ ፈጣንና ከባድ ባቡር ቶሎ መታጠፍ አይችልም፣ ሰፊ ኩርባና ሰፊ መሬት ይፈልጋል። ከሁሉ በላይ የተሠራው ለጭነት ነው። ኮንቴይነር ደግሞ ፒያሳ ምን ይሠራል? ስለዚህ ጣቢያዎቹ ከከተሞቹ ወጣ ወጣ አሉ። ድሬዳዋም ስትደርሱ ከተማው መሀል አትወርዱም፤ ከጣቢያው ሌላ ትራንስፖርት መያዝ አለባችሁ። አሮጌውም ቢሆን ቡናና ቆዳ ነበር የሚያስበው። ሁለቱም ኩባንያ መንገደኛውን ሜዳ ድረስ አደረሰውና የቀረውን ራስህ ቻለው አለው። ልዩነቱ ያኔ በቅሎ ነበር፣ አሁን ታክሲ ነው። መንገደኛው ብቻውን ከሆነ ይችለዋል፤ ልጅ ያዘለ ሰው ግን ከ470 ኪሎ ሜትሩ ይልቅ እነዚህ ጫፎች ናቸው የሚገድሉት።

መላውን ያገኘሁት ከድሮዎቹ ነው። እነሱ አዋሽ አደሩ፤ እኛ ለቡ እናድራለን። ለቡ ኮንዶሚኒየም የምትኖር አክስት አለችኝ። ከዋዜማው ከሰዓት፣ መንገዱ ሳይጨናነቅ፣ ልጆቹ ነቅተው እያሉ ሻንጣችንን ይዘን እሷ ጋ እንሄዳለን። ራት እንበላለን፣ እንተኛለን። ጠዋት ጣቢያው ቅርብ ነው። ድሬ ስንደርስ የሚስቴ ወንድም ባጃጅ ይዞ ይጠብቀናል። አክስቴ ስትሰማ «ታዲያ አንድ ሌሊት ብቻ?» ብላ ተቆጣች፤ ስንመለስ ደግሞ ልናድር ቃል ገባን።

እናቴ አሁንም ደስ አላላትም። ግን ዳቦ ቆሎ ጠብሳ በሁለት ጣሳ ሞልታለች፤ አንዱ ለመንገድ፣ አንዱ ለአማቴ። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አዋሽን እንደተሻገራችሁ ደውሉልኝ። ስልኬ ላይ ማስታወሻ ሞልቼላታለሁ፤ ኔትወርክ ከሌለ ብዬም ቀጣዩ ጣቢያ ላይ ሁለተኛ ሞልቻለሁ።