ስለ ከተማ ሥርዓትና ስለ ቦታ አከፋፈል፤ የጋይንት፥ የስማዳና የእስቴ ታሪክ

ከተማ የሚለው ቃል «ከተመ» ከሚለው የወጣ ነው። ከተመ ማለትም ሰፈረ፥ ጕዞውን ፈጸመ፥ ድንኳኑን ተከለ ማለት ነው። ስለዚህ ከተማ አስቀድሞ የንጉሥና የሠራዊቱ ሰፈር ስም ነበረ፤ ኋላ ግን ሰው ቤት ሠርቶ፥ ገበያ አቁሞ በአንድነት የሚኖርበት ቦታ ሁሉ በዚሁ ስም ተጠራ። ሰፈርም ሥርዓት ከሌለው ሁከት ይሆናልና፥ የማናቸውም ከተማ ታሪክ የሚጀምረው «ይህ ቦታ የማን ነው፥ ለምንስ ሥራ ይሆናል» ከሚለው ፍርድ ነው።

ጋይንት፥ ስማዳና እስቴ ከጉና ተራራ ግርጌ ጀምረው ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርዱ አገሮች ናቸው። በውስጣቸው ያሉት ከተሞች፥ ማለት ነፋስ መውጫ፥ ዐርብ ገበያ፥ ወገዳና መካነ ኢየሱስ፥ ታናናሾች ናቸው፤ ነገር ግን ስማቸው ታሪካቸውን ይናገራል። መካነ ኢየሱስ በቤተ ክርስቲያን ስም፥ ዐርብ ገበያ በገበያ ቀን፥ ነፋስ መውጫም በቦታው ጠባይ ተጠሩ። ቤተ ክርስቲያንና ገበያ፥ የምድሩም አቀማመጥ፥ እነዚህ ሦስቱ ማዘጋጃ ቤት ሳይኖር ከተማን ሲያቀኑ የኖሩ ናቸው።

፩፤ በቀድሞ ዘመን ስለ ነበረው ሥርዓት

በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋራ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የዐፄ ልብነ ድንግልን ሰፈር አይቶ ጽፏል። የንጉሡ ድንኳን በከፍታው ላይ ይተከላል፤ ለአብያተ ክርስቲያናት፥ ለዳኞች፥ ለማድ ቤቱ ለየራሱ የታወቀ ስፍራ አለው፤ ገበያውም ራቅ ብሎ ይቆማል። ሰፈሩ ዛሬ ከአንዱ፥ ነገ ከሌላው አገር ቢያርፍ ስንኳ ሁሉ ስፍራውን ያውቃል። ፊታውራሪ፥ ቀኛዝማችና ግራዝማች የሚባሉት ማዕርጎችም በፊት፥ በቀኝና በግራ ከመስፈርና ከመጓዝ የመጡ ናቸው። እንግዲህ ቦታን በሥርዓት መክፈል ከውጭ አገር የመጣ ጥበብ ብቻ አይደለም።

ጐንደር ቋሚ ከተማ ከሆነች በኋላ ይህ ሥርዓት ሌላ መልክ ያዘ። በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፥ በ1660 ዓ.ም. ገደማ፥ መኳንንቱና ካህናቱ ተሰብስበው እስላሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው በራሳቸው ሰፈር እንዲቀመጡ ተፈረደ፤ ከዐሥር ዓመት በኋላም ይኸው ፍርድ ተደገመ። የአቡኑ ሰፈርና የእጨጌው ሰፈር ደግሞ የተከበሩ ነበሩ፤ ይልቁንም ወደ እጨጌው ሰፈር የተማጠነ ሰው ይጠበቅ ነበረ። ስለዚህ የጐንደር ሥርዓት ሰውን በሃይማኖቱና በማዕርጉ እየለየ የሚያሰፍር ነበረ። ለአንዱ መጠጊያ የሆነው አጥር ለሌላው መከልከያ እንደ ሆነ አንባቢ ያስተውል።

ወደ ጋይንት ቀረብ ያለችው ታላቅ ከተማ ደብረ ታቦር ናት። እርስዋን የየጁው ራስ ጕግሣ ቈረቈሯት፤ ኋላም የራስ ዐሊ፥ ከዚያም የዐፄ ቴዎድሮስ መቀመጫ ሆነች። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ በጋፋት ካሠሩ በኋላ፥ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተማይቱን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። መድፉም በሠረገላ የሚሄድ ነበረና፥ በጋይንት ደጋ አልፈው በጨጨሆ በኩል መንገድ እያስጠረጉ፥ ራሳቸውም ከሠራዊቱ ጋራ ድንጋይ እያነሡ ተጓዙ። ያ መንገድ ለጦር የተሠራ ነው፤ ለባላገሩ ጥቅም ተብሎ የታሰበ አልነበረም። ሆኖም ጕልበትና ፈቃድ ከተገኘ የጋይንት ገደል ለሠረገላ ሊታዘዝ እንደሚችል በዚያን ጊዜ ታየ።

በእስቴ በኩል ደግሞ የበጌምድርንና የጐጃምን ሕዝብ የሚያገናኘው የዓባይ ድልድይ አለ። በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን የተሠራው ይህ ድልድይ በጠላት ወረራ ዘመን ተቈርጦ «ሰባራ ድልድይ» ተባለ። ከዚያ በኋላ ወደ ሞጣ ገበያ የሚሄደው ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ ከዳር ወደ ዳር እየተሳበ ብዙ ዘመን ተሻገረ። አንድ ድልድይ መሥራት የአንድ ንጉሥ ሥራ ነው፤ ጠብቆ ማቆየት ግን የትውልድ ሁሉ ሥራ እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቃል።

፪፤ ቤተ ክርስቲያን ለከተማ መሠረት እንደ ሆነች

በባላገሩ ዘንድ ከተማን የምትቈረቍር ብዙ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ናት። ታቦት ሲገባ አስቀድሞ ቅጽሩ ይከለላል፤ በቅጽሩ ውስጥ ዐጸዱ ይተከላል፤ በዐጸዱ ሥር ሙታን ያርፋሉ። ከቅጽሩ ውጭ የካህናቱ ቤት፥ ቀጥሎም የተማሪዎች ጎጆ ይሠራል። ሕዝቡ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም ወይም በዛፍ ጥላ ተቀምጦ ስለ ድንበር፥ ስለ ምንጭ፥ ስለ ግጦሽ ይመክራል፤ የሹሙም ዐዋጅ በገበያና በቤተ ክርስቲያን ደጅ ይነገራል። እንዲህ ያለው ጉባኤ ማኅተምና መዝገብ ባይኖረውም የከተማ ምክርን ሥራ ይሠራ ነበረ።

ጋይንትም በዚህ ነገር ከብዙ አገር ይልቅ ባለጸጋ ነው። የድጓ መምህራን የሚመሰክሩባት ቤተ ልሔም፥ የዝማሬና የመዋሥዕት ትምህርት የሚሰጥባት ዙር አምባ በጋይንት ምድር የታወቁ ናቸው። ከሩቅ አገር ለትምህርት የሚመጣው ተማሪ ርስት የለውም፤ ግብርም አይገብርም፤ ያለው አንዲት የሣር ጎጆና አኩፋዳው ብቻ ነው። ነገር ግን ያች ጎጆ ብትነሣ ትምህርቱም አብሮ ይነሣል። እንግዲህ በወረቀት ላይ ባዶ መስሎ የሚታይ ቦታ ሁሉ በእውነት ባዶ አይደለም።

፫፤ ስለ ማዘጋጃ ቤት ሕግ

በጠላት ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ፥ ኢጣልያኖች ለጐንደርና ለሌሎችም ከተሞች ንድፍ አውጥተው ነበረ። ንድፋቸው ሰፊ መንገድና ያማረ ሕንፃ ነበረበት፤ ነገር ግን ነጩን ከጥቁሩ ለመለየት የታሰበ ስለ ሆነ በፍትሕ ላይ አልቆመም።

ነጻነት ከተመለሰ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የአገር ግዛት አስተዳደር ድንጋጌ ወጣ፤ በመጋቢት ወር 1937 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ማዘጋጃ ቤቶች የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 74 ታወጀ። በዚህ ዐዋጅ አዲስ አበባና ጐንደር ከንቲባ ያላቸው ከተሞች ሆኑ፤ ሌሎቹ እንደየመጠናቸው በየደረጃቸው ተመደቡ፤ በታናናሾቹም የአገር ግዛት ሚኒስቴር ሹም ኀላፊ ሆነ። መንገድ፥ ውሃ፥ መብራት፥ ጽዳትና ገበያ የማዘጋጃ ቤት ሥራ ሆኑ። ለምክር የሚመረጡትም ሽማግሎች በከተማው ቦታና ቤት ያላቸው ሰዎች ነበሩ።

ይህ ሕግ ታላቅ እርምጃ ነበረ፤ ምክንያቱም የከተማ ሥራ ከሹሙ ፈቃድ ወደ ምክር መሄድ ጀመረ። ነገር ግን ርስት ያለው ብቻ ሲመርጥና ሲመረጥ፥ በኪራይ የሚኖረው ሸማኔ፥ ጠጅና ጠላ ሸጣ ልጆችዋን የምታሳድገው መበለት፥ ርስት የሌለው ተማሪ ቃላቸው አልተሰማም። የጐንደሩ ሥርዓት ሰውን በሃይማኖት እንደ ለየ፥ ይህኛው በርስት ለየ። ደግሞም የታናሽ ከተማ ገቢ ከገበያ ቀረጥና ከቦታ ግብር የሚገኝ ጥቂት ገንዘብ ስለ ነበረ፥ በዐዋጁ የተጻፈው ውሃና መብራት ለብዙዎቹ ከተሞች ሳይደርስ ብዙ ዘመን አለፈ።

፬፤ በ1967 ዓ.ም. ስለ ሆነው ለውጥ

በየካቲት ወር 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀ፤ ቤተ ክርስቲያንም ጕልቷንና የሰሞን መሬቷን አጣች። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ በዐዋጅ ቍጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ለአንድ ቤተ ሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ተፈቀደ፤ ለመኖሪያ የሚሰጠውም ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ዝቅተኛ ኪራይ የሚከፍሉ ሰዎች ኪራያቸው ተቀነሰላቸው፤ የከተማ ነዋሪዎችም በቀበሌ ማኅበር ተደራጁ።

ስለዚህ ዐዋጅ ሁለት ነገር መናገር ይገባል። በአንድ በኩል ኪራይ የከበደበት ድኻ ዕረፍት አገኘ፤ ርስት የሌለውም በቀበሌው ስብሰባ ለመናገር ቻለ። በሌላ በኩል አብያተ ክርስቲያናት ለመብራትና ለዕጣን፥ ለካህናትም ቀለብ የሚያገኙበት የኪራይ ቤት ተወሰደ፤ የቀበሌውም ሥልጣን ኋላ ለፍርሃት መሣሪያ ሆነ። ምእመናን ግን ቤተ ክርስቲያናቸውን አልተዉም። በ1965 ዓ.ም. በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን የወጣው ቃለ ዓዋዲ ካህናትና ምእመናን በአንድነት የሚመክሩበትን ሰበካ ጉባኤ አቁሞ ነበረና፥ መሬቱ ከሄደ በኋላ አጥቢያዎች የኖሩት በዚሁ ጉባኤና በምእመናን አስተዋፅኦ ነው።

በዚያው ዘመን ሌላ ነገር የጋይንትን ከተሞች መልክ ለወጠ፤ ይኸውም ከወረታ ወደ ወልድያ የሚሄደው፥ በቻይና መንግሥት እርዳታ የተሠራው መንገድ ነው። መኪና ጨጨሆን አቋርጦ ሲያልፍ ነፋስ መውጫ የመንገድ ከተማ ሆነች። ቀድሞ ቤተ ክርስቲያንን ወይም ገበያን ከብቦ ይሠራ የነበረው ቤት አሁን በመንገዱ ዳርና ዳር ተሰለፈ። ምንም ዐዋጅ ሳይነገር መንገዱ ራሱ ቦታን ከፈለ፤ ፊቱን ወደ መንገድ ያደረገው ቦታ ተወደደ፥ ከኋላ ያለው ረከሰ።

፭፤ የአሁኑ ዘመን ሥርዓት

ከ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በኋላ የከተሞች ነገር ወደ ክልሎች ተላለፈ፤ የአማራ ክልልም በ1992 ዓ.ም.፥ ቀጥሎም በ1996 ዓ.ም. ከተሞችን የሚያቋቍሙ ዐዋጆች አወጣ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን ዐዋጅ ቍጥር 574 ከተማ ሁሉ በፕላን እንዲመራ አዘዘ። በዚህ ሕግ ቦታ በሥራው ይለያል፤ ይህ ለመኖሪያ፥ ይህ ለንግድ፥ ይህ ለፋብሪካ፥ ይህ ለዛፍና ለዕረፍት፥ ይህም ለመቃብር ይባላል። ፕላኑም ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ ቀርቦ ምክር እንዲሰጥበት ታዘዘ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ ዐዋጅ ቍጥር 721 ደግሞ የከተማ ቦታ በጨረታ ወይም በምደባ እንዲሰጥ አደረገ፤ ለአምልኮ የሚሆን ቦታም በምደባ ከሚሰጡት አንዱ ነው።

እንግዲህ ሥርዓቱ አራት ጊዜ ተለወጠ። መጀመሪያ ሰው በሃይማኖቱና በማዕርጉ ተለየ፤ ቀጥሎ በርስቱ ተለየ፤ ከዚያ ቤቱ ተቈጠረ፤ ዛሬ ቦታው በሥራው ይለያል። የኋለኛው ለፍትሕ ይቀርባል፤ ምክንያቱም ፕላን የሰውን ዘር ወይም ሃይማኖት አይጠይቅም። ቢሆንም የፕላን ቀለም በራሱ አይናገርም። በከተማው ዳር የሚያርሰው ገበሬ መሬቱ ለከተማ ሲወሰድ ካሳ እንዲከፈለው በ1997 እና በ2011 ዓ.ም. የወጡት ዐዋጆች አዘዙ፤ ነገር ግን ገንዘብ በአንድ ዓመት ያልቃል፥ እርሻ ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ገበያ ወደ ሌላ ስፍራ ሲዛወር ነጋዴው በከብቱ ጭኖ ይሄዳል፤ ጥቂት በርበሬ ዘርግታ የምትሸጥ አሮጊት ግን እግርዋ አያደርሳትም።

በብዙ ድካም የተገኘ አገልግሎትም በጥቂት ቀን ሊጠፋ እንደሚችል ጋይንት አይቷል። በነሐሴ ወር 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ በደረሰ ጊዜ ሴቶች ታላቅ ግፍ ደረሰባቸው፤ የከተማውም ሆስፒታል ተዘረፈ። ከዚያ በኋላ ከተማን ማቅናት ማለት መንገድና ግንብ መሥራት ብቻ እንዳልሆነ፥ የተጐዳውን ሰው ማንሣትም እንደሆነ ግልጥ ሆነ።

፮፤ ለአጥቢያው የሚገባ ሥራ

ፕላን በሚወጣበት ጊዜ አጥቢያው ዝም ብሎ ቆይቶ ኋላ ቢያዝን አይጠቅምም። ሰበካ ጉባኤው የቅጽሩን፥ የዐጸዱን፥ የመካነ መቃብሩንና የጥምቀተ ባሕሩን ወሰን አስለክቶ፥ በጽሑፍ አድርጎ፥ የይዞታ ማረጋገጫውን ይዞ ይገኝ። ወሰኑን የሚያውቁ ሽማግሎች ሳያልፉ ምስክርነታቸው ይጻፍ። ዐጸዱ ይልቁንም ይጠበቅ፤ በጉና ዙሪያ ደጋው ሁሉ ታርሶ ሳለ አገር በቀሉ ጥድና ወይራ ብዙ ጊዜ የተረፈው በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ነውና።

ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን በምክር ቤት ስለ ራስዋ ወሰን ብቻ ብትናገር ድርሻዋን አጐደለች። በ1937ቱ ሕግ ያልተሰሙት፥ መበለቲቱ፥ ተከራዩና ተማሪው፥ ዛሬም ወደ ስብሰባ ለመሄድ ጊዜና ድፍረት የላቸውም። እነርሱ በየሰንበቱ በደጀ ሰላም ይታያሉ፤ ካህኑም ችግራቸውን ያውቃል። የውሃው ቧንቧ በማን ደጅ እንዲያልፍ፥ ገበያው የት እንዲቆም ምክር ሲደረግ፥ ስለ እነርሱ የሚናገር ቢገኝ በደጀ ሰላም ጥላ ሥር የነበረው የአባቶች ጉባኤ አልጠፋም ማለት ነው።

አባቶች ታቦት ሲያስገቡ ለገበያ፥ ለምንጭና ለመቃብር ስፍራ ለይተው ለኛ ዘመን አስረክበዋል። ይህ ትውልድም ለሚመጣው ልጅ የሚያስረክበው ከተማ በእውነት የተለካ፥ በፍቅር የተከፈለ ይሁን። እግዚአብሔር አገራችንን፥ ከተሞቻችንንና አጥቢያዎቻችንን በሰላም ይጠብቅልን፤ ለሚመክሩት ማስተዋልን፥ ለሚሠሩትም ብርታትን ይስጥልን፤ አሜን።