የቦጋሉሳ ልጆች ደም የነገረን

አብዛኞቻችን ያደግነው የልጅ ውፍረት እንደ በረከት በሚታይበት ቤት ነው። ሕፃን ሞላ ሲል “እሰይ፣ አማረበት” ይባላል፤ ልጁ ከከሳ ደግሞ እናቱን ጎረቤት ይታዘባታል። የ1966ን እና የ1977ን ረሃብ ያየ ትውልድ እንዲህ ቢያስብ አንፈርድበትም። እዚህ አሜሪካ ልጆች ስናሳድግም “ተይው፣ ሲያድግ ይከሳል” የሚለው አባባል አብሮን መጥቷል። እህቶቻችን፣ ይህ አባባል በአንዲት ትንሽ ከተማ በልጆች ደም ተፈትኗል።

ነገሩ የጀመረው ከወታደሮች ነው። የእኛ ቃኘው ሻለቃ በዘመተበት በኮሪያ ጦርነት የሞቱ 300 አሜሪካውያን ወታደሮች አስከሬን ተመርምሮ ውጤቱ በ1953 እ.ኤ.አ. ታተመ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ከመቶ 77ቱ የልብ ደም ሥራቸው መታመም ጀምሮ ነበር። አማካይ ዕድሜያቸው 22 ዓመት ነው! ታዲያ በሽታው መቼ ጀመራቸው?

ዶክተር ጄራልድ ቤረንሰን መልሱን የፈለጉት ባደጉባት ቦጋሉሳ ነው። ሉዊዚያና ውስጥ ያለች፣ ጥቁርም ነጭም የሚኖርባት የወረቀት ፋብሪካ ከተማ ናት። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ልጆቿ ተመዘኑ፣ ቁመታቸውና የደም ግፊታቸው ተለካ፣ ደማቸው ተቀዳ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንደገና፣ ካደጉም በኋላ እንደገና። እናቶቹን እናደንቃለን። ጤነኛ የሚመስል ልጅን ክንድ ለመርፌ መስጠት ቀላል አይደለም፤ ያውም በቱስኪጊ በጥቁሮች ላይ የተፈጸመው የምርምር ግፍ በተጋለጠበት ሰሞን።

በ1999 በወጣው ጽሑፍ፣ ከመጠን በላይ ከወፈሩት ተማሪዎች ከመቶ 58ቱ ቢያንስ አንድ የአደጋ ምልክት ነበራቸው፦ የደም ግፊት፣ የተዛባ የደም ቅባት ወይም የበዛ ኢንሱሊን። ኢንሱሊን የሚበዛው ሰውነት አልታዘዝ ስለሚለው ቆሽት አብዝታ ስታመነጭ ነው፤ ስኳሩ ገና ሳይጨምር ደሙ አስቀድሞ ይናገራል ማለት ነው። በ2001 ደግሞ፣ ወፍራም ከነበሩት ልጆች ከመቶ 77ቱ ጎልማሳ ሲሆኑም ወፍራም እንደነበሩ ተዘገበ። “ሲያድግ ይከሳል” የሠራው ከአራት ልጆች ለአንዱ እንኳ አይሞላም።

በዚሁ ዘመን “የጎልማሶች ስኳር” የሚባለው በሽታ ልጆች ላይ መታየት ጀመረ። በኦሃዮ ግዛት በሲንሲናቲ በወጣቶች ላይ የሚገኘው አዲስ ሕመምተኛ ከ1982 እስከ 1994 አሥር እጥፍ ያህል ጨመረ። ስሙም አላዋጣም፤ ዛሬ ዓይነት ሁለት ይባላል።

አንድ ነገር ግን እንዳይዘነጋ፤ ከእነዚያ ወፍራም ተማሪዎች ከመቶ 42ቱ ምንም ምልክት አልተገኘባቸውም። ቀጭን ልጅም በዘር የመጣ ከፍተኛ ኮሌስትሮል ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ልጅን በማዕድ ፊት “አንተ ወፍራም” እያሉ ማሸማቀቅ ስለ ደሙ የሚነግረን ነገር የለም። በ2011 የወጣው የአሜሪካ የሕፃናት መመሪያም ከ9 እስከ 11 ዓመት ያለ ልጅ ሁሉ፣ ወፈረም ቀጠነም፣ ኮሌስትሮሉ እንዲታይ ይመክራል። ለወፈረ ልጅ የስኳርና የጉበት ምርመራም ይጨመራል።

የሦስት ወር አማካይ ስኳር የሚያሳየው ምርመራ ጾም አይጠይቅም። ትራይግሊሰራይድ የሚባለው ቅባት ግን ምግብ ከተበላ በኋላ ከፍ ስለሚል፣ ቀጠሮ ስትይዙ ልጁ ቁርስ በልቶ ይምጣ ወይስ በባዶ ሆዱ ብላችሁ ጠይቁ።