የስደተኛው ንጉሥ ቤትና የብርዱ ወራት

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ሻይ ያላችሁ ሻያችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ናይሮቢን የማያውቅ ሰው «አፍሪካ ውስጥ ደግሞ ምን ብርድ አለ?» ይላል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ኢስሊ መጥቶ ይይ። ፀሐይ ለቀናት ትጠፋለች፣ የሲሚንቶው ወለል እግር አያስረግጥም። ወጣቱ ጃኬት ደርቦ ይወጣል። ሽማግሌዎቻችን ግን በር ዘግተው ብርድ ልብስ ውስጥ ይገባሉ። ባለፈው ሐምሌ የግቢያችን አንድ አባት፣ ዕድሜያቸው ከ70 በላይ ነው፣ ለሦስት ሳምንት ከክፍላቸው እንዳልወጡ የሰማሁት ከጎረቤት ልጅ ነው። የምንኖረው ግድግዳ ለግድግዳ ነው። ስገባ ጉልበታቸው ተሳስሮ ያለ ሰው እርዳታ ከአልጋ መነሳት አቅቷቸው ነበር። ስለ ስደተኛ መብት እዚህ ገጽ ላይ ስንት ጽፌያለሁ፤ ያን ቀን ግን አፈርኩ።

የታሪክ አስተማሪ ነኝና ነገሩን ይዤ የሄድኩት ወደ ባዝ ነው።

ባዝ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ያለች የፍል ውኃ ከተማ ናት። አፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1936 በባቡር ወደ ጅቡቲ ከወጡ በኋላ፣ በኢየሩሳሌም አድርገው እንግሊዝ ገቡ። በጄኔቫ ያደረጉትን ንግግር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ብዙ ሰው አያነሳውም። በዚያው ዓመት ባዝ ውስጥ ፌርፊልድ የሚባል ቤት ገዙና እስከ 1940 ኖሩበት። ገንዘብ አጥሯቸው የብር ዕቃቸውን ሸጠዋል። ታኅሣሥ ላይ እዚያ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ገደማ ነው። እቴጌ መነን አየሩ አልስማማቸው ብሎ ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሱ።

ንጉሡ ስደት ሲወጡ ገና 43 ዓመታቸው ነበር። እኔን የሚገርሙኝ አብረዋቸው የተሰደዱት በዕድሜ የገፉት ሰዎች ናቸው። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ያን ጊዜ 70 አልፈዋል። በመቅደላ ጊዜ፣ በ1868፣ ሕፃን ሳሉ እንግሊዞች ወስደዋቸው ሕንድ ያደጉት፣ ዶክተር ማርቲን የሚባሉት እሳቸው ናቸው። ወረራው ሲመጣ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበሩ። በዚያ ዕድሜ አንድ ሰው እሳት ዳር ቢቀመጥ ማን ይወቅሰዋል? እሳቸው ግን ለአገራቸው ገንዘብ ይለምኑ፣ ይናገሩ፣ ይከራከሩ ነበር። ሲልቪያ ፓንክኸርስት በግንቦት 1936 ስለ ኢትዮጵያ የሚጮኸውን ጋዜጣዋን ስትጀምር ከጎኗ ከቆሙት አንዱ ናቸው። ነፃነትን አይተው፣ አገራቸው ገብተው በ1952 አረፉ።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ይህ አልደረሳቸውም። ጃፓን ድረስ የሄዱት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፣ «አዲስ ዓለም»ን የጻፉት ኅሩይ፣ በ60 ዓመታቸው በመስከረም 1938 በስደት አረፉ። አፅማቸው አገሩ የገባው ከነፃነት በኋላ ነው። ይህን የምጠቅሰው «ሥራ የያዘ ሽማግሌ አይሞትም» የሚል ተረት እንዳላወራችሁ ነው። ብርድም ናፍቆትም ሰው ይገድላሉ። ሆኖም ያ ቤት በር ዘግተው የሚጠብቁበት ቤት አልነበረም፤ ደብዳቤ ይጻፍበታል፣ ይጸለይበታል፣ እንግዳ ይገባበታል። ንጉሡ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ»ን የጻፉት እዚያው ባዝ ነው።

ከሁሉ የምወደው ግን የቤቱን የኋላ ታሪክ ነው። በ1958 ንጉሡ ፌርፊልድን ለአረጋውያን መገልገያ እንዲሆን ለባዝ ከተማ ሰጡ። ለትምህርት ቤት ወይም ለሙዚየም ሊሰጡት ይችሉ ነበር። ለምን አረጋውያንን እንደመረጡ የእኔ ግምት ነው፤ በዚያ ቤት አራት ክረምት የከረመ ሰው ብርድና ብቸኝነት በሽማግሌ ላይ ምን እንደሚሠሩ አይቷል። ቤቱ ለዓመታት የአረጋውያን መኖሪያ ሆነ። በኋላ ደግሞ ከካሪቢያንና ከሌላም አገር መጥተው እንግሊዝ ውስጥ ያረጁ ሰዎች ቀን ቀን የሚሰበሰቡበት ሆነ፤ አብረው ምሳ ይበላሉ፣ ሰውነታቸውን ያፍታታሉ፣ ይጫወታሉ። የስደተኛ ቤት ለሌላ አገር ሰው ሽማግሌ ተረፈ።

ወደ ግቢያችን ልመለስ። እኚያ አባት በወጣትነታቸው ድሬዳዋ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ስለ ንጉሡ ጉዞ ሳስተምር ተማሪዎቼ ስለ ባቡሩ ይጠይቁኛል፤ እኔ የማውቀው በ1917 መጠናቀቁንና ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር መሆኑን ብቻ ነው። አንድ ቅዳሜ ጋቢያቸውን አልብሰን፣ ሁለት ተማሪዎች ግራና ቀኝ ይዘዋቸው ወደ ክፍል መጡ። ጠመኔ ያዙ። ከሞጆ እስከ አዋሽ፣ ከአዋሽ እስከ ድሬዳዋ ጣቢያዎቹን በቅደም ተከተል ጠሩልን፤ አንዱን እኔ አሳስቼ ነበር፣ በተማሪ ፊት አረሙኝ። በሦስተኛው ቅዳሜ አንድ ልጅ ብቻ ይዟቸው መጣ። አሁን በከዘራ ብቻቸውን ይመጣሉ፣ ካረፈድን ይቆጣሉ።

ቅሬታ ግን አላቸው፤ የክፍላችን ወንበር መደገፊያ የለውም። ኢስሊ አካባቢ መደገፊያ ያለው ወንበር የተረፋችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ መጥቼ እወስዳለሁ።