የክሎሪን ተረፈ ውህዶችና የኢሉባቦር ወንዞች ውሃ

በመቱና በጎሬ ዙሪያ ያለው የኢሉባቦር ምድር በኢትዮጵያ ዝናብ ከሚበዛባቸው አካባቢዎች አንዱ ሲሆን፣ ሶርና ገባን የመሰሉ ወንዞች ከደኑ ወለልና ከጨፌው ያጠቡትን የበሰበሰ ቅጠልና ሥር ሟሟ ይዘው ይወርዳሉ። ሁሚክ አሲድ የሚበዛበት ይህ ቡናማ ሟሟ በራሱ ጎጂ አይባልም፤ ነገር ግን ተህዋሲያንን እንዲገድል የተጨመረው ክሎሪን ከፊሉ ከሟሟው ጋር ተዋሕዶ ትራይሃሎሜቴን የሚባሉትን፣ ከእነርሱም በብዛት የሚገኘውን ክሎሮፎርምን፣ እንዲሁም ሃሎአሴቲክ አሲዶችን ይፈጥራል።

ኔዘርላንዳዊው ኬሚስት ዮሃንስ ሩክ በሮተርዳም ውሃ ላይ የደረሰበትን ይህን ክስተት እ.ኤ.አ. በ1974 ካሳወቀ በኋላ፣ አሜሪካ በ1979 ለጠቅላላ ትራይሃሎሜቴን በሊትር 100 ማይክሮግራም የሚል ጣሪያ አወጣች፤ ኋላም ወደ 80 ዝቅ አደረገችው። የዓለም ጤና ድርጅት ለክሎሮፎርም ያስቀመጠው መመሪያ 300 ማይክሮግራም ነው። ክሎሮፎርም በብዛት በተሰጣቸው የሙከራ እንስሳት ጉበትና ኩላሊት ላይ ዕጢ አስከትሏል፤ በሰው ላይ ደግሞ እንዲህ ያለውን ውሃ ለአሥርተ ዓመታት መጠጣት ከሽንት ፊኛ ካንሰር ጋር ተያይዞ ቢታይም፣ አንዱ የሌላው መንሥኤ መሆኑ አልተረጋገጠም። አተት በሰዓታት ውስጥ ሰው በሚገድልበት አገር ክሎሪንን መቀነስ ስለዚህ አማራጭ ሊሆን አይችልም፤ ሊጠየቅ የሚገባው ክሎሪኑ በየትኛው ደረጃ ላይ ይግባ የሚለው ነው።

ሟሟውን በአሉሚኒየም ሰልፌት አርግቶ ማዝቀጥና በአሸዋ ማጣራት ከክሎሪን ሲቀድም፣ ተረፈ ውህድ የሚሆነው ጥሬ ዕቃ ጉልህ ክፍሉ ይወገዳል። በቤት ደረጃም አርጊና ክሎሪን በአንድ ላይ የያዘው ቢሻን ጋሪ፣ ለደፍራሽ ውሃ ክሎሪን ብቻ ከሆነው ከውሃ አጋር ይመረጣል። ቅደም ተከተሉ ክፉኛ የሚፈተነው እሸት ቡና በሚፈለፈልባቸው ወራት ነው፤ ከመፈልፈያ ጣቢያ ወደ ወንዝ የሚለቀቀው ስኳርና ፔክቲን የበዛበት እጣቢ ክሎሪኑን ስለሚሻማ፣ ቀሪውን በሊትር ከ0.2 ሚሊግራም በታች እንዳይወርድ ለመጠበቅ የማጣሪያው ሠራተኛ መጠኑን ለመጨመር ይገደዳል። (ክሎሮፎርም በ61 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም የሚፈላ ተናኝ በመሆኑ፣ በጀበና የተንተከተከ ውሃ አብዛኛውን ያጣል፤ ሃሎአሴቲክ አሲዶች ግን እንዲህ በቀላሉ አይተኑም።)

ትራይሃሎሜቴን በማጣሪያው ደጃፍ ላይ ሳይሆን፣ ውሃው በቧንቧና በሮቶ ውስጥ ቆይቶ በሚደርስበት የመጨረሻ ቦኖ ላይ ይበዛል፤ ቀሪ ክሎሪን ግን የሚያንሰው እዚያው ነው። በመሆኑም የቀሪ ክሎሪን ንባብ ዝቅ ማለት ተረፈ ውህዱ አለመኖሩን አያሳይም።