የወገብ ነገር

ደብረ ታቦር በታሪክ ስትነሣ ሴባስቶፖል አብሮ ይነሣል። ጋፋት ላይ ስለ ቀለጠው ብረት፣ ስለ ፈረንጆቹ አንጥረኞች፣ ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ደስታ ብዙ ተጽፏል። ስለ ወገብ ግን የሚጽፍ የለም። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ያ መድፍ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መቅደላ አምባ ሥር የደረሰው በመጋቢት ነው። ገደሉ እየተናደ፣ ድንጋዩ እየተፈነቀለ፣ ነፍጥ ያዡ ሁሉ ገመድ ያዥ ሆኖ ያን ያህል ወር ተጓዘ። ንጉሡም ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሡ ነበር። ዜና መዋዕል ግን የመድፉን ክብደት እንጂ የጎታቹን ወገብ አይመዘግብም።

ቋንቋችን ከታሪክ ጸሐፊዎቻችን ይልቅ ወገብን ያከብራል። ለሥራ የቆረጠ ወገቡን ይታጠቃል፤ ወንድም የሞተበት ‹‹ወገቤ ተቆረጠ›› ብሎ ያለቅሳል። በደብረ ታቦር ዙሪያ ባለው ደጋ፣ በእንስራ ውኃ የምትቀዳው ሴትና ሞፈር ተሸክሞ ዳገት የሚወጣው ገበሬ ይህን አነጋገር ለማስረዳት መምህር አያስፈልጋቸውም።

እኔን ነገሩ የሚመለከተኝ በወሬ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የታችኛው ወገቤ ዲስክ ተንሸራቶ ነርቭ በመጫኑ ቀዶ ጥገና ተደርጎልኛል። እግሬን እንደ ሳማ ይለበልበኝ የነበረው ሕመም ከሰመመን ስነቃ አልነበረም። በአራተኛው ወር ግን ወገቤ እንደገና ጀመረኝ። ሃያ ደቂቃ መቀመጥ አቃተኝ፤ ለቅሶ ቤት ሄጄ ቆሜ የምመለስ፣ ሠርግ ላይ ግድግዳ የምደገፍ ሰው ሆንኩ። ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ይደረግልኝ እንደሆነ ለመጠየቅ ሌላ ምስል ተነሥቼ ቀረብኩ። ሐኪሙ ፎቶውን መብራቱ ላይ ሰቅለው ጥቂት ካዩት በኋላ ‹‹የሚቆረጥ ነገር የለም›› አሉኝ። ለታማሚ ከዚህ የሚከብድ የምሥራች አለ?

የዲስክ ቀዶ ሕክምና ዕድሜው ረጅም አይደለም። ከመቅደላ ጦርነት በኋላ እንግሊዞች ይዘውት የሄዱት የጎንደር ሕፃን ላሆር ላይ ሕክምና ተምሮ፣ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ተብሎ ከዐድዋ ድል በኋላ ወደ ሀገሩ ሲመለስ፣ የትኛውም የዓለም ሐኪም የእግር ሕመም ከዲስክ እንደሚመጣ በቅጡ አያውቅም ነበር። ነገሩን አጥርተው ያሳወቁት ዊልያም ሚክስተርና ጆሴፍ ባር የተባሉ ሁለት የቦስተን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1934 ነው። ወደ እኛም ዘግይቶ ደረሰ። በጥቁር አንበሳ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ሥልጠና፣ በኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲ አጋዥነት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ከዚያ በፊት ለዚህ ሕክምና ባሕር ማዶ መሻገር የብዙዎች ዕጣ ነበር።

ቢላዋው የሚያውቀው አንድ ሥራ ነው፤ ነርቭ የተጫነውን ያነሣል። ስለዚህ ለእግሩ ሕመም ፍቱን ሲሆን ለወገቡ ግን ያን ያህል አይደለም። ለረጅም ጊዜ ተጭኖ የኖረ ነርቭ ሸክሙ ከተነሣለት በኋላም ይጮኻል፤ ጠባሳ ይቋጠራል፤ ሥራ የፈታ ጡንቻ ይሟሽሻል። ከወገብ ቀዶ ጥገና በኋላ ሕመሙ የሚቀርባቸውን ሰዎች ጥናቶች እንደየአቆጣጠራቸው ከ10 እስከ 40 በመቶ ያደርሷቸዋል። ፈረንጆቹ ለዚህ ‹‹የከሸፈ የወገብ ቀዶ ጥገና›› የሚል ስም ሰጥተውት ኖሩ። ክፉ ስም ነው፤ ሐኪሙን ያሳፍራል፣ በሽተኛውን ተስፋ ያስቆርጣል። በቅርብ ዓመታት ‹‹የማይለቅ የአከርካሪ ሕመም›› ወደሚል አነጋገር መዞራቸው ተገቢ ነው።

የእኛ ቃል ከሁለቱም ይሻላል እላለሁ። እንግሊዝኛው የሕመም መድኃኒትን ‹‹ሕመም ገዳይ›› ይለዋል። አማርኛ ‹‹ማስታገሻ›› አለው፤ ቃሉ ከትዕግሥት ጋር አንድ ሥር ነው ያለው። ሕመሙ አይገደልም፤ እንዲታገሥ ይደረጋል። ይህን ያስተዋልኩት መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ ሳይሆን ዋንዛዬ ፍል ውኃ ዳር ቁጭ ብዬ ነው።

ፍል ውኃና ወገብ የቆየ ወዳጅነት አላቸው። አዲስ አበባስ የተቆረቆረችው በዚሁ አይደለምን? በ1879 ዓ.ም. የእንጦጦ ብርድ የሰለቻቸው እቴጌ ጣይቱና መኳንንቱ ወደ ፍል ውኃው እየወረዱ ነው ከተማዋ የተመሠረተችው። የደቡብ ጎንደር ሰው ደግሞ ደራ ውስጥ፣ በጉማራ ወንዝ ዳር ዋንዛዬ አለችው። ጉማራ ከጉና ተራራ ተነሥቶ ወደ ጣና የሚወርድ ወንዝ ነው። ደጋው ብርድ ያቆራመደው ወገብ ቆላ ቀመስ ወደሆነው ዳርቻ ወርዶ ይፍታታል።

የሄድኩት በጥር ወር፣ ቁስሌ ከዳነ ከረጅም ጊዜ በኋላና ሐኪሜን አስፈቅጄ ነው። ከውኃው ስወጣ ሕመሙ ለሁለትና ለሦስት ሰዓት ያህል ጋብ ይልልኛል። ያን ጊዜ እራመዳለሁ። አዲስ አበባ ያለች የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሰጠችኝ ትእዛዝ ቀላል ነበር፤ በአምስት ደቂቃ ጀምር፣ በየቀኑ አንድ ደቂቃ ጨምር፣ ቢያምህም ባያምህም ከተወሰነልህ አታሳንስ አታብዛ። አዲስ አበባ ላይ ያልሆነልኝ እዚያ ሆነልኝ፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ ግማሽ ሰዓት ገደማ ደረስኩ።

ለዚህ ሳይንሱ መልስ አለው። ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጡት ጽሑፍ፣ የሕመም መልእክት ወደ አንጎል ከመውጣቱ በፊት አከርካሪ ውስጥ በር እንደሚያጋጥመው ገለጹ። የንክኪ መልእክት በሩን ያጠብበዋል፤ ልጇ እግሩን ሲመታ እናት እሽት እሽት የምታደርገው ያንኑ ነው። አንጎልም ከላይ ሆኖ በሩን ያዝዛል፤ ፍርሃትና እንቅልፍ ማጣት ሲከፍቱት፣ እንቅስቃሴና የልብ መረጋጋት ይገፉታል። ዝርዝሩ ኋላ ቢታረምም ዋናው ሐሳብ ቆሟል። ሙቀት፣ ማሸት፣ ዋግምት፣ ከሰው ጋር ተቀምጦ መጫወት፣ ይህ ሁሉ ከበሩ ላይ እጁን ያሳርፋል ማለት ነው።

ታዲያ ሁሉም ነገር ለሁሉም አይሆንም። የተቀደደ ወገብ ለወጌሻ ተሰጥቶ አይጠመዘዝም። እግር የዛለበት፣ ሽንት አልታዘዝ ያለው፣ ከሕመሙ ጋር ትኩሳት የያዘው ሰው መንገዱ ወደ ፍል ውኃ ሳይሆን ወደ ሆስፒታል ነው።

ውኃው ዳር ጎረቤቴ የነበሩት ከጉና ግርጌ የመጡ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። ቢላዋ አልነካቸውም፤ ወገባቸውን የበላው ሞፈር ነው። ‹‹አባቴ፣ ሲሄዱ ይለቅዎታል?›› አልኳቸው። ‹‹እሱን ማን ይነቅለዋል ብለህ ነው ልጄ፤ ታግሦልኝ ለእርሻው ካደረሰኝ ይበቃኛል›› አሉኝ። በሰባተኛው ቀን ጋቢያቸውን ደርበው፣ የተረፈቻቸውን በሶ ለእኔ ትተው፣ በትራቸውን ይዘው በእግራቸው ዳገቱን ጀመሩት።